በማሽን የደረቀው ቅጠል

ውድ አባቴ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዴት እንደከረምክ አውቃለሁ። ጎረቤት ፊቱን አዙሮብሃል፤ ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅህን አልረገጠም፤ አንተም መድኃኒት መቀመሙን ትተህ ጓሮ ትኮተኩታለህ። እኔ በየሳምንቱ እየደወልኩ "በላህ ወይ? ጠጣህ ወይ?" እያልኩ ዋናውን ነገር ስሸሽ ኖርኩ። ዛሬ አልሸሽም። እማዬን የገደላት የአንተ እጅ አይደለም።

ልቧ ደክሞ እግሯ ባበጠ ቁጥር ለልብ ድካም የምትለቅመውን የዚያን ቅጠል ዱቄት በሦስት ጣትህ ቆንጥረህ ታፈላላት ነበር። ስድስት ዓመት እንዲያ አድርገህ አኖርካት። ቅጠሉን ጣሪያ ሥር፣ ጥላ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ታደርቀዋለህ። ለእረፍት ስመጣ አቧራውንና የዝንቡን ብዛት አይቼ ተጸየፍኩ። "አባዬ፣ በዚህ ዘመን እንዲህ አይሠራም" ብዬ አንድ ከረጢት እርጥብ ቅጠል ይዤ ሄድኩ። በላቦራቶሪያችን ማድረቂያ ማሽን በአንድ ቀን አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በንጹሕ ጠርሙስ አመጣሁልህ። እንዴት ኮርቼ ነበር መሰለህ!

በምላስህ ጫፍ ቀመስከውና ፊትህን አጨማደድክ።

"ይሄ ከወትሮው ይመራል" አልክ። "ትንሽ ልቀንሰው እንዴ?"

"ኧረ ንጹሕ ስለሆነ ነው! በልኩ ስጣት።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።"

ይቺ ቃልህ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን እማዬን ያስመልሳት ጀመር። ግድግዳው ቢጫ ሆነብኝ አለች፤ አንሶላው ቢጫ፣ የአንተም ፊት ቢጫ። በአምስተኛው ቀን አጣናት። ወንድሜ ለቀስተኛው ፊት ኮሌታህን ጨምድዶ "ማነው ያዘጋጀው?" ብሎ ሲጮህ፣ "የለቀምኩትም ያደረቅኩትም እኔ ነኝ" አልከው። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰማሁህ። ዝም አልኩ።

ሁለቱንም ቅጠል ደብቄ አቆይቼ ነበር፤ የአንተን በጨርቅ፣ የእኔን በጠርሙስ። ለማየት ድፍረቱን ያገኘሁት ባለፈው ወር ነው። እኩል መዝኜ አልኮል ውስጥ ነከርኳቸው፤ አጠለልኩ፤ ከፈሳሹ አረንጓዴውን ቀለም ደጋግሜ አስወገድኩ፤ የቀረውን ውሃ የመሰለ ነገር በሁለት ብርጭቆ አስቀመጥኩ። የክፍሉ ኃላፊ "ይሄ ደግሞ የምን ሥራ ነው?" ቢለኝ "የቤት ጣጣ ነው" አልኩት። ሳቀ።

በሳምንቱ ከአንተ ቅጠል የወጣው ጥግ ላይ የተለጠፈች ብናኝ ብቻ ነበረች። በእኔው ብርጭቆ ግን መርፌ የመሰለ ነጭ ክሪስታል ወለሉን ሞልቶታል። የመድኃኒቱ ኃይል ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ስመዝነው የአንተውን አራት እጥፍ ሆነ። ቅጠሉ በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አብዛኛው ኃይሉ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ የእኔ ማሽን ግን አንድም ሳያስቀር ጠብቆ አቆየው። ሦስት ጣትህ የለመዱት የደከመውን ቅጠል ነበር። ልክህ ልክ ነበር፣ አባዬ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የጠራ ክሪስታል አውጥቼ አላውቅም። እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ሳልጨርስ ይቅር እንደምትለኝ ስለማውቅ ያሳፍረኛል። ይህን አንብበህ እንደጨረስክም ስልክ ታነሣና "ልጄ፣ ያለፈው አልፏል፤ ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፣ እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ" ትለኛለህ። ስለዚህ ይህንኑ ሁሉ ለእሱ የጻፍኩትን ደብዳቤ ከአንተው ሦስት ቀን አስቀድሜ ልኬዋለሁ። እስካሁን ደርሶታል። ከመጣ በሩን ክፈትለት። ስለ እኔ ምንም ቢናገር አትከራከርልኝ።

ቅጠሉን ያደረቀችው ልጅህ