አጎቷን ያጋለጠችው ተማሪ

አንቺዬ፣ ፖስት ካርዷ ትንሽ ናት፤ ያየሁት ግን አልዋጥልኝ ብሏል። ዛሬ እዚህ ባሕር ማዶ፣ የጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የሠራችውን ዜና አነበበችልን። አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የወዳጃቸውን ልጅ የፈተና ውጤት ቀይረዋል። ስማቸውን ስትጠራ ክው አልኩ። አባት ሆነው ያሳደጓት፣ ባለፈው እሁድ እኔንም ምሳ የጋበዙኝ አጎቷ ናቸው!

መምህራችን «ስሙ ይውጣ የምትሉ?» ሲሉ ከእኔ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ።

«አንቺስ?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ቤታቸው ሄጄ፣ ያበላሹትን ራሳቸው እንዲያስተካክሉ እለምናቸው ነበር።»

«ልትደብቂለት?» አለኝ አንዱ፤ እሱም ከልቡ ደንግጦ ነው። ልጅቷ እኛ አገር ብትሆን አረመኔ እንላት ነበር፣ አይደል?

ከክፍል ስንወጣ ልጅቷን መታጠቢያ ቤት አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቶ ፊቷን ትታጠባለች።

«ትናንት ደውዬ ነገርኩት» አለችኝ።

«ምን አሉሽ?»

«‹ስሜን ስትጽፊ ፊደል እንዳትሳሳቺ› ብሎ ዘጋው።»

ዜናው ነገ ይወጣል። ፎጣ አቀበልኳት።

ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽንና ያቺን ቀበጥ እህትሽን ሳሚልኝ። አንቺ ብትሆኚ እጅሽን ታወጪ ነበር? እውነቱን ጻፊልኝ።