የታንጉት ዘንግ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

እግር፦ ጠዋት ደህና። ቀትር ላይ ጉልበቴ ነደደ።
ጆሮ፦ ግራው እንደ ድሮው አይሰማም።
እንቅልፍ፦ ደህና።

የመጨረሻዋ ውሸት ናት። ግን ደብተሩን የምታየው የመርሳ ጤና ጣቢያዋ ሐኪም ናት፤ የኔ ሌሊት ምን ያደርግላታል። "አባባ፣ ሐሙስ ወልድያ ቦርዱ ፊት ሲቀርቡ ይረሳሉ፤ እስከዚያ የሚያምዎትን በየቀኑ ይጻፉ" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ "መጻፍ ይችላሉ?" አለች። እኔ ምሽግ ውስጥ ፊደል ቆጥሬ ለማይችሉት ደብዳቤ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ደብተሩን ተቀብያት ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወታደርነቴ ቆስዬ የጉዳት ጡረታ አለኝ። ድሮ የሐኪሞች ቦርዱ "ከመቶ ሠላሳ ተጎድቷል" ብሎ ጻፈልኝ፤ በዚያው ልክ በየወሩ ትንሽ ትመጣለች። ባለቤቴ ታንጉት ሳለች ገበያ ሽንኩርት ሸጣ የጎደለውን ትሞላ ነበር። ካረፈች ዓመት አለፋት። ጉድለቱ እንደ ጎደለ ነው። ልጄ የሺ "ወልድያ መጥተው ከኔ ጋር ይኑሩ" ካለችኝ ቆየች። እምቢ አልኩ። ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ተስማማን፤ ቦርዱ ጡረታዬን ከፍ ካደረገልኝ እዚሁ ቤቴ እኖራለሁ፣ ካላደረገልኝ እቃዬን ትጭናለች።

"ግትር ነዎት" ትለኛለች። ትበል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እግር፦ ያው።
እንቅልፍ፦ ደህና። (ያው ውሸት።)

ሰይድ መጣ። በዚያው ጦርነት አንድ እግሩን የጣለ ጓደኛዬ ነው፤ ቦርድ ፊት ሦስቴ ቀርቧል፣ ራሱን እንደ ዳኛ ነው የሚያየው። ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እንደ ዶሮ በየብልቱ ለያይቶ ገመተኝ።

እግር፣ ሠላሳ።
ጆሮ፣ አሥር።
የቀኝ እጅ ሁለት ጣት፣ አምስት።

"ጥርሴስ?" አልኩት።

"እሱ የእርጅና ነው፣ መንግሥት አልሰበረብህም። አርባ አምስት ሆንክ። ሃምሳ ብትሞላ ነበር ደህናው። ሌላ ምን አለህ?"

"ምንም።"

"ወላሂ ግትርነትህ ቢቆጠርማ ብቻውን መቶ ይሞላ ነበር!"

ሳቅን። ቦርዱ ፊት አንክስ፣ አቃስት ብሎ መከረኝ። ብሞት አላደርገውም አልኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌሊቱንስ? የጦር ሆስፒታል ሳለን ድንኳኑን በጩኸት ታናውጠው ነበር። አሁን እሱንም ይቆጥራሉ አሉ። ግን አብሮህ የሚያድር ሰው ይመስክር ይላሉ።"

"አብራኝ የምታድረው አፈር ገብታለች" አልኩት።

"አፈሩን ያቅልልላት" ብሎ ምርኩዙን አነሳ። ሲሄድ ቶሎ ቶሎ ተራመደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ይህን ገጽ ከነገ በፊት ቀድጄ እጥለዋለሁ።

በላይ የሚባል የውርጌሳ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። ምሽግ ውስጥ በየተራ እንጠብቅ ነበር። የዚያን ሌሊት ተራዬ ደርሶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "ትንሽ ልተኛ" አልኩት። "ተኛ፣ እኔ እቆምልሃለሁ" አለ። ከዚያ የማውቀው ከባድ ነገር እላዬ ላይ መውደቁን ነው። ልገፋው ስል እጄ ረጠበ። በላይ ነበር። እሱን የገደለው ፍንጣሪ ነው እግሬን የበላው። ለእግሬ ሠላሳ ሰጡኝ። ስለ ተራዬ የጠየቀኝ የለም።

ውርጌሳ ከመርሳ ቅርብ ናት። ገበያዋን ረግጬ አላውቅም። እናቱ እዚያ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ተኝቼ ሰው ከነካኝ እጄ እኔን አያማክረኝም። ታንጉት በተጋባን ሰሞን ነው የገባት። የባሕር ዛፍ ዘንግ አስቆርጣ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላ ከበሩ ኋላ አቆመችው። ስቃዥ ራቅ ብላ ቆማ እግሬን በዘንጉ ነካ ታደርጋለች። "እኔ ነኝ፣ ታንጉት ነኝ" ትላለች። እስክመልስላት አትጠጋም። እንዲህ ሆነን ዕድሜያችንን ጨረስን።

አንዴ ብቻ ዘንጉን ረሳች። የሺ ትንሽ ልጅ ሳለች ነው፤ ትኩሳት ይዟት እናትየዋ ደንግጣ በእጇ ቀሰቀሰችኝ። የታንጉትን ሁለት የፊት ጥርስ አወለቅኩ። ጎረቤት ሲጠይቅ "ሳልባት ላሟ ረገጠችኝ" አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ላሟን ሰደብኩ። እስክትሞት ድረስ ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍን ነበር።

የሺ ቤት ፌቨን የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ አለች፤ የልጅ ልጄ ናት። የተኛ ሰው ላይ ዘላ መውጣት ትወዳለች።

እንግዲህ ግትርነቴ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የሺ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ከመርሳ ሚኒባስ ያዝኩ። ሲሪንቃን ስናልፍ ገጹን ልቀደው ደብተሩን አወጣሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ታየኝ ነበርና አፈርኩ። መለስኩት።

ቦርዱ ሦስት ሐኪሞች ናቸው። "እስኪ ይራመዱ" አሉኝ። እንደ ሰልፍ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ። ጉልበቴ እሳት ሆነ፣ ፊቴን አላጨማደድኩም። ሰይድ ቢያየኝ በምርኩዙ ይለኝ ነበር። ጆሮዬን አዩ፣ ጣቶቼን ቆጠሩ። ከዚያ ትልቁ ሐኪም "እንቅልፍስ?" አለ።

ደህና ልል ነበር። ታንጉት አፏን ስትሸፍን ታየችኝ። የረቡዕን ገጽ ገልጬ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

አጎንብሶ ቆየ። "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጽሕፈቱን ማንበብ አቃተኝ።"

ይህን አላሰብኩም።

የሺ ከመናኸሪያ ተቀብላኝ፣ ደግፋኝ ገብታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። "እኔ አነበዋለሁ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው" ብላ ወሰደችው። ልነጥቃት ስል ጉልበቴ አላነሳኝም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። በላይን አነበበች። ዘንጉን አነበበች። ላሟ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"አባ፣ የዚያን ጊዜ ላም አልነበረንም እኮ።"

ትልቁ ሐኪም ብዕሩን አስቀመጠ።

"ላሟ ከዚያ በፊት ሰኔ ላይ ተሸጣ ነበር። የእማዬ ጥርስ የወለቀው ከጥምቀት በኋላ ነው። ዘንጉ ምን እንደሚሠራም አውቃለሁ፤ በቀዳዳ አይ ነበር።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"እማዬ ላም ናት ካለች፣ ላም ናት።"

የቀረውን ለመጨረስ ጊዜ ወሰደባት። የፌቨን ስም ሲመጣ ቃሉ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተንጠባጠበባት። ሐኪሙ ምስክርነቷን ተቀብሎ አስፈረማት። ራሱም ብዙ ጻፈ። "ከመቶ ስንት?" አልኩት። "ውጤቱ በወሩ ይደርስዎታል፤ አሁን ስንት እንደሚሆን መናገር አልችልም" አለኝ።

መኪና ሳይጠፋ እመለሳለሁ ብል የሺ አልሰማችኝም። "ዘንጉ መርሳ ነው" አልኳት። የመወልወያውን እንጨት አወጣች፣ ጫፉን በፎጣ ጠቀለለች፣ በሩ ጋ አስደግፋ አቆመችው። ፌቨንን ይዘሽ በርሽን ዝጊ አልኳት። ዘጋች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሰፈሩ ጠዋት ቆሻሻ አቃጥሎ ጭሱ ቤቱን ሞላው። እሳቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ባለ ቁጥር ብዕሩን እጨብጣለሁ።

ሌሊት በሕልሜ በላይ መጣ። ትከሻዬን ሊነካኝ እጁን ዘረጋ። ያው እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ እግሬን አንድ ለስላሳ ነገር ከሩቅ ነካኝ።

"እኔ ነኝ አባ። የሺ ነኝ።"

እጄ ተነሥቶ አየሩን መታ። እሷ በሩ ላይ ናት፣ አይደርስባትም። መልስ ልሰጣት አፌ አልታዘዘኝም። ጠበቀችኝ። አልተጠጋችም። እናቷ አስተምራት ይሁን ወይ ከቀዳዳው አይታው፣ አልጠየቅኳትም።

ከቀሚሷ ኋላ ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ እንቅልፍ የተጫነው፣ "ፌቨን ነኝ" አለ።

"እሺ" አልኩ። "እሺ፣ አወቅኳችሁ።"

እጄ ወረደ።

ስለ እቃዬ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ለቦርዱ ውጤት ገና ወር አለ።

እግር፦ ያው።
ጆሮ፦ ያው።
እንቅልፍ፦ ደህና አይደለም። ግን ከነጋ ወዲያ ትንሽ ተኝቻለሁ።