ኪቦርዱን ከኮምፒውተር ያገናኘን ሰሞን

ኅዳር 3 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት

ካልሲ ጠቅልዬ በግራ እጄ እጨምቃለሁ። ሐኪሙ እንዳዘዘው። ሦስቱ ጣቶች ይታዘዛሉ። የቀለበት ጣቴና ትንሿ አሁንም እንቢ። ክረምት ላይ፣ አዘዞ መንገድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከተገለበጠ ወዲህ ይኸው ነው። አጥንቱ ገጥሟል፣ ሁለቱ ጣቶች ግን አልታጠፍ ብለዋል። ኪቦርዱ ቁም ሳጥን ላይ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ቀና ብዬ አላየውም።

ሩቂያ መጣች። ታውቃታለህ ደብተሬ፤ እሷ እየዘፈነች እኔ ኪቦርድ እየተጫወትኩ ስንት የሴቶች ሰርግ ዞረናል። ቅዳሜ ማክሰኝት ከተማ የሂና ፕሮግራም ይዛለች። ሌላ ተጫዋች አግኝታ ነበር፣ ግን ወንድ ነው። ሴቶች ለብቻ በሚጫወቱበት ቤት አይገባም። በአንድ እጅሽም ቢሆን ነይልኝ አለች። አይሆንም አልኳት። ሁለት እጄን በሚያውቁ ሰዎች ፊት በአንዱ ልንደፋደፍ? አይሆንም። ቅር ብሏት ሄደች። እኔንም ቅር አለኝ።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ወንድሜ አብዱ ከጨርቅ ሱቁ ለምሳ መጣ። ኪቦርድሽ እኮ ከላፕቶፔ ጋር ይገናኛል አለኝ። አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ አይቷል፤ የመቅጃ ፕሮግራሙንም ጭኖ ይዞ መጥቷል። ሳቅሁበት። እሱ ግን ወንበር ላይ ወጥቶ ኪቦርዱን አወረደው። አንሶላው ሲገፈፍ ልቤ ድንግጥ አለ።

ከጀርባው አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ገመዱን ፍለጋ የከተማችንን ፒያሳ ዞርን። የለም። በመጨረሻ አብዱ የሱቁን ፕሪንተር ገመድ ነቅሎ አመጣ። ገጭ ብሎ ገባ! እማ ታዲያ ዘፈኑ በወረቀት ታትሞ ሊወጣ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ይህን ስጽፍም እስቃለሁ።

ግን ጸጥ። ስነካው ስክሪኑ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ሰረዞች ይሰለፋሉ፤ መልሼ ሳጫውተው አንድም ድምፅ የለም። አብዱ ገመዱ ነው ይላል። እኔ ዕድሌ ነው እላለሁ። ተኮራረፍን።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ገባኝ። ገባኝ ገባኝ! በገመዱ የሚሄደው ድምፅ አይደለም። የጣቶቼ ሥራ ነው። የትኛውን ቁልፍ ነካሁ፣ መቼ፣ ምን ያህል ጠበቅ አድርጌ፤ ይኸው ብቻ። ድምፁን የሚያወጣለት ሌላ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ውስጥ ወዴት እንደሚላክ የሚመረጥበት ቦታ አገኘሁና ወደዚያው ወደ ኪቦርዱ መለስኩት። ኪቦርዱ ማንም ሳይነካው የትናንቱን ዜማዬን ተጫወተ። ቁልፎቹ ንቅንቅ አላሉም። እማ ቢስሚላህ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ተመልሳ ድገሚው አለች። ደገምኩላት። አሁንም ድገሚው።

ከሰዓት

ደግሞ ይኼን ስማ። በቀኝ እጄ ዜማውን ቀዳሁ። ከዚያ ያው ቀኝ እጄ የግራውን ድርሻ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ በሌላ መስመር ቀዳ። አንድ ላይ አጫወትኳቸው። ሁለት እጅ! የራሴ ሁለት እጅ፣ ከክረምት በፊት እንደነበረው። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ መልሼ አለቀስኩ። እማ ምነው ልጄ ትላለች። ምን ብዬ ላስረዳት።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ነው፣ እሱም አብሮ ድርግም። የጠዋት ሥራዬ በሙሉ ሄደ፤ ሴቭ አላደረግሁም ነበር። ጭንቅላቴን በግድግዳ ልመታ ምንም አልቀረኝ።

መብራቱ ሲመጣ እንደገና ጀመርኩ። የአሁኑ ይሻላል፣ ወላሂ። የሳትኩትን በማውስ እየጎተትኩ ቦታው አስገባሁት። ሁሉንም ባንዴ የሚያስተካክል ትእዛዝም አለ። ሞከርኩት። ቀጥ አለ። በጣም ቀጥ ስላለ የሰርግ መሆኑ ቀርቶ የወታደር ሰልፍ ሆነ። መለስኩት። ለካ ሴቶቹን ብድግ የምታደርጋቸው ያች ትንሽ ዘግየት የምትለው ምት ናት።

ኅዳር 7፣ አርብ

ሩቂያን አስጠራኋት። ሐሳቤ ኪቦርዱንና ላፕቶፑን ይዛ እንድትሄድ ነው። እኔ እቤት። አስቀድሜ የቀዳሁትን ለቀቅሁላት፣ እሷ ዘፈነችበት። መጀመሪያ ሸጋ ነበር። የሙሽራዋ ስም ላይ ስትደርስ ግን እንደ ልማዷ ድምፅዋን ሳብ አደረገች። ቅጂው ትቷት ሄደ። ደገምን። አሁንም ትቷት ሄደ። ቁጭ አለች።

«ሀያት፣ አንቺ ትጠብቂኝ ነበር» አለች። «ይኼ አይጠብቅም።»

እውነቷን ነው። ብዙ ካወራን በኋላ መላ መጣ። ዘፈኑን ቆራርጬ ልቅዳው፤ እሷ ድምፅዋን እስክትመልስ ወፍራሙ ድምፅ እየተመላለሰ ይቆያል፣ ቀጣዩ ቁራጭ በአንድ ቁልፍ ይለቀቃል። ዜማውን ደግሞ እዚያው በቀኝ እጅ መጫወት ነው። ይኼን ሁሉ አፍ አፏን እያየ የሚያደርግ ሰው ግን ያስፈልጋል።

«እኔ እመጣለሁ» አልኩ።

ሩቂያ ግራ እጄን ስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና እንቢተኞቹን ጣቶች ቀስ እያደረገች ታሻቸው ጀመር። ከዚያ እስከ አስር ሶላት አዛን ተለማመድን።

ኅዳር 9፣ እሑድ ጠዋት

ትናንት ልጽፍልህ አልቻልኩም። ደስታው አላስቀምጥ አለኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ኪቦርዱን ከሩቂያ ጋር ጭናችን ላይ አጋድመን ሄድን። ሂናው ቤት በሴት ጢም ብሏል። መጀመሪያ ግራ እጄን በሻርፔ ሸፈንኩት። ሙሽራዋ ሁለቱንም መዳፏን ሂና ተቀብታ፣ ምንም ሳትነካ፣ እህቶቿ ያጎርሷታል። ስታየኝ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀጣዩን ቁራጭ መልቀቂያው ሰዓት ደረሰ፣ ቀኝ እጄ ዜማው ላይ ነው፣ በግራ አውራ ጣቴ ተጫንኩት። ሻርፑ መሬት ወድቆ ያየሁት ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው።

ሩቂያ ስትስብ ጠበቅኋት። ስትመለስ ለቀቅሁት። ቤቱ ተነሣ። የሙሽራዋ አክስት ሁለተኛዋ ተጫዋች የት አለች ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም እኔ ነኝ አልኳት። አላመነችም፤ ዞራ የጠረጴዛውን ጀርባ አየች።

አልሐምዱሊላህ።

ሩቂያ እዚያው ሌላ ሰርግ ተቀብላለች። እሱ ይደርሳል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይዞኛል። ለማንም ሰርግ ያልሆነ፣ ቆየት ያለ የራሴ ዜማ አለኝ። ሁለቱም እጆቼ ደህና ሳሉም ልጫወተው አልቻልኩም ነበር፤ ሦስት እጅ ይፈልጋል። ዛሬ ልቀዳው ቆርጫለሁ። መብራት አለ። አብዱ ላፕቶፑን ትቶልኛል። መጀመሪያ ወፍራሙን፣ ከዚያ መካከለኛውን፣ ከዚያ… ቆይ፣ ልጀምር።