የአሸንዳው አፍ

ግንቦት 19፣ ማታ

ጣራው አለቀ። ተመስገን። የዛገው ቆርቆሮ ወረደ፣ አዲሱ ተመታ። ባለቤቴ ታደሰ ወሰን ሰፈር ከሚሠራበት ጋራዥ ፈቃድ ወስዶ ጣራ ላይ ከረመ። የቀረው አሸንዳው ነበር። እሱ ውሃው ወደ ግቢያችን ይውረድ ባይ ነው። እኔ እንቢ። ሾላ ገበያ የምሸጠው በርበሬ የት ሊሰጣ? ወደ ጓሮ አዙረው አልኩት። ጓሮ ማለት በእኛና በእትዬ ብርቄ ጭቃ ቤት መሃል ያለችው ጠባብ መተላለፊያ ናት። የኛ ጠፈጠፍ የሰው ግድግዳ ሥር መውረድ የለበትም አለ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አዞረው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

ሰኔ 4

ከእንጦጦ በኩል ጠቁሮ መጣና ለቀቀው። ግቢዬ ደረቅ፣ በርበሬዬ ደህና። ደስ አለኝ። ላንተ አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ፣ ስለ ጓሮው አላሰብኩም። ማለቴ፣ አስቤ ተውኩት።

ሰኔ 9

እትዬ ብርቄ መጡ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ አልጋቸው በጓሮው በኩል ካለው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። ግድግዳው ከውስጥ ረጥቧል፣ ምርጉ ይረግፋል አሉ። ጣራዬ አርጅቶ ነው፣ ታደሰ ወጥቶ ይይልኝ ብለው ለመኑኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ሰኔ 10

ታዴ ጣራቸው ላይ ወጣ። ቀዳዳ የለም። እዚያው ቆሞ የአሸንዳችንን አፍ አየ፣ ከዚያ እኔን። እሳቸው ከሥር ሆነው ይጠብቃሉ። ጨንቆት ሚስማር መታ መታ አድርጎ ወረደ። ደህናውን ቆርቆሮ በሳው። መረቁት፣ እጁን ይዘው። ራት አልበላም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦

«ወይ ንገሪያቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እናቴ የሞተች ጊዜ አርባዋ እስኪወጣ ከጎኔ ያልተለዩ ሴትዮ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ጎረቤት ተብዬ እኔ። አፈርኩ።

ሰኔ 13፣ ጠዋት

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ገና ሲነጋ ሄድኩ። አልጋቸውን ወደ መሃል ስበውታል፣ ታዴ በመታው ሚስማር በኩል ደግሞ ያንጠባጥባል። ሳፋ ደቅነዋል። ግድግዳው ከሥሩ አብጧል፣ ስነካው ጭቃው ከነጭዱ እጄ ላይ ቀረ። እንደተኙ ቢወድቅባቸውስ? እሳቸው እኔን ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ባልሽን በከንቱ አደከምኩት እያሉ። ምን ብዬ ልመልስ? ደህና ይሁኑ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ሰኔ 14፣ ከሰዓት

ታዴ ሥራ ነው። ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። መጠበቅ አልቻልኩም፣ መሰላል አቁሜ ወጣሁ። አሸንዳው ከመጋጠሚያው አልላቀቅ አለ፣ በመዶሻ ደበደብኩት። እትዬ ብርቄ ድምፁን ሰምተው ወጡ፣ ትወድቂያለሽ ብለው መሰላሉን ያዙልኝ። ምን ተበላሸብሽ ልጄ አሉ።

«ውሃው የኛ ነው እትዬ። ወደ እርስዎ ያስዞርኩት እኔ ነኝ። ጣራዎ ምንም አልነበረውም።»

ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ዝናቡ ጀመረ። መሰላሉን አልለቀቁም።

አሸንዳውን አላቅቄ ወረድኩ፣ አሁን ውሃው ግቢዬ ውስጥ እየወረደ ነው። በርበሬው ረጥቧል፣ ይርጠብ። እሳቸው ገብተው በራቸውን ዘግተዋል። ሄጄ አንኳኳለሁ። ግድግዳው እስኪጠገን እኛ ጋ ይደሩ እላቸዋለሁ። እንቢ ካሉ እኔ እዚያው እሳቸው ጋ አድራለሁ።