ጽጌ ለገና ታነብ ይሆን?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 23

ጥፋተኛው ወንድሜ አሰጋኸኝ ነው። ልጆች ሳለን ቄሱ ቤታችን እየመጡ ፊደል ሲያስቆጥሩት እኔ ደጃፍ ቆሜ እሰማ ነበር። «ሴት ፊደል ከቆጠረች ወጥ ታሳርራለች» ብሎ በሩን የዘጋብኝ እሱ ነው። ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ እዚሁ ሐረር ለአንድ ደብተራ ጥጥ እየፈተልኩ ተማርኩ። ወጤም አላረረም። ግን ዓይኔ ከደከመ በኋላ ነው።

ስድስት ቀን ቀረኝ። የሟች ልጄ ባል ዘውዴ ለገና ከድሬዳዋ ይመጣል። ለመስቀል መጥቶ ያለው ይኸ ነው፤ «እማማ፣ ጽጌ ለገና መጽሐፍ ካነበበችልኝ ከእርስዎ ጋር ትቆይ። ካላነበበች ይዣት እሄዳለሁ። ለጨርጨር ሰዎች ለልጃቸው እሰጣታለሁ ብያለሁ።» የልጅ ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው! የኔታ ሴት አይቀበሉም። ስለዚህ ከመስቀል ወዲህ የማስተምራት እኔው ነኝ።

ማክሰኞ፣ 24

እንዲህ ነው የምንማረው። እኔ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ፤ ብርሃኑ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የጸሎት መጽሐፌን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። ያለን መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው። እሷ ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ሆና ከጥጡ ፍሬውን እየለቀመች ታያለች። እጅ ሥራ መፍታት የለበትም። እኔ በጣቴ እነካለሁ፣ እሷ ትላለች።

ዛሬ አንድ ገጽ ሳትሰናከል ወጣችው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። በጆሮዋ ሸምድዳው ቢሆንስ?

ረቡዕ፣ 25

ፈተንኳት። ጣቴን ከገጹ መሀል፣ ከታች፣ ከላይ፣ በዘፈቀደ አኖርኩ። ሁሉንም አነበበች። «እምዬ፣ ምነው ጣትሽ እንደ ዝንብ ዘለለ?» አለችኝና ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። በቃሏ አይደለም፤ ታውቀዋለች።

የቀረኝ፦ ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ ቅቤ ማንጠር፣ በርበሬ ከጊደር መጋላ ገበያ፣ «ጸ» እና «ፀ»።

ዓርብ፣ 27

ትናንት አልጻፍኩም። ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ።

ዛሬ ጎረቤቴ ወይዘሮ ፋጡማ፣ በነሱ አጠራር ጊስቲ ፋጡማ፣ መጥታ ትምህርታችንን ቆማ አየችው። «የሺ፣ ለልጅቱ የራሷን ሎህ አሠሪላት። እኛ ጋ ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ሁሉ የራሱን የእንጨት ሰሌዳ ይይዛል፣ ወላሂ!» አለችኝ።

«የኔ ልጅ የምትማረው ከብራና ነው» አልኳት።

«ብራናውማ ያንቺ ጉልበት ላይ ነው» አለችና ስቃ ሄደች። ምን ማለቷ ነው? ሰው በሰው ሥራ ገብቶ መዘባረቅ ይወዳል።

ቅዳሜ፣ 28

ዘውዴ ከሰዓት በኋላ በበቅሎ ገባ። ለጽጌ ነጭ ሻሽ፣ ለእኔ ስኳር አምጥቷል። «እግዚአብሔር ያክብርህ» ልለው ብል አንጀቴ እምቢ አለ። «ነገ ከቅዳሴ መልስ እሰማታለሁ» አለ። ጽጌ ራቷን አልበላችም።

እሑድ፣ 29። ገና

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከቅዳሴ ተመለስን፤ ጾሙን በዶሮው ገደፍን። ዘውዴ ጽጌን አጠገቡ አስቀምጦ መጽሐፉን እጇ ላይ አደረገላት። ገጹን አየች፣ እኔን አየች፣ ገጹን አየች። አንድ ፊደል አልወጣትም! ማክሰኞ እንደ ውሃ ያወረደችውን ገጽ!

«ጽጌዬ፣ ምን ነካሽ?» አልኳት።

«እምዬ፣ አላውቀውም። ሌላ ሆነብኝ።»

ዘውዴ ክፉ ቃል አልተናገረም። «እማማ፣ ደክመዋል፤ ግን ቃል ቃል ነው» አለና ተነሥቶ ከፊቷ ተቀመጠ። ሊወስዳት የሚገባውን ቀን ለማየት ከኪሱ የጨርጨሩን ደብዳቤ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አሰጋኸኝን ረገምኩት።

ጽጌ እንባዋን እየጠረገች ወደ ደብዳቤው አጎነበሰች። «ልጅቱን... ከጥምቀት ማግሥት... ላክልን» አለች። ዘውዴ ቀና አለ። «ዕድሜዋ... ትንሽ ቢሆንም... እዚሁ ታድጋለች።» ከጸሎቱ ይልቅ ፈጥና ነው ያነበበችው፤ ጸሎቱ ግዕዝ ነው፣ ይኸ ግን የምትሰማው ቋንቋ ነዋ።

«ማን ነገረሽ ይኸን?» አለ ዘውዴ።

«ተጽፏል እኮ፣ አባዬ።»

ዘውዴ ደብዳቤውን አዙሮ ፊቱን ወደ እሷ አደረገው። ጠፋት። መልሶ ወደ ራሱ አዞረው፤ አነበበች። ያን ጊዜ ገባኝ። ፋጡማም ያለችው ገባኝ። ሦስት ወር ሙሉ ልጅቱ ፊደልን ያየችው ተዘቅዝቆ ብቻ ነው! የጸሎቱን መጽሐፍ ገልብጬ ሰጠኋት። ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ማለት ከታች እስከ ላይ፣ አንበለበለችው።

ዘውዴ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። «‹ዕድሜዋ ትንሽ ቢሆንም› የሚለውን እኔም አንብቤው ነበር» አለ፤ «ከሷ አፍ ስሰማው ግን ሌላ ሆነብኝ።» ደብዳቤውን አጠፈው። «ተዘቅዝቆም ቢሆን ንባብ ንባብ ነው። ትቆይ፣ እማማ።»

«መልሱን እኔ ልጻፍላቸው?» አለች ጽጌ።

«ገልብጠሽ ጻፊው፤ ሲያዞሩት ይክረሙ!» አላት አባቷ።

አሁን ተኝታለች፤ ሻሹን አላወለቀችም። ዘውዴ ነገ ይሄዳል፣ ብቻውን። እኔ ተነፈስኩ። አሰጋኸኝን ግን ይቅር አላልኩትም፤ እሱ በሩን ዘግቶብኛል። ለገጹ መገልበጥ ግን እሱን መክሰስ አልችልም። መጽሐፉን ወደ ራሴ አዙሬ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ለዓይኔ ብዬ፣ ለብርሃኑ ብዬ፣ ደግሞም በስንት መከራ ያገኘሁት የኔ ነው ብዬ።

ነገ በርጩማዋን ከእኔ ጎን፣ መስኮቱ ሥር አደርገዋለሁ። ከእንግዲህ ፊት ለፊቴ አላስቀምጣትም።