ሳጉሬን ያለፈችው መኪና

አሰላ፣ ሰኔ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለግዛቸው ወልደጻድቅ፣ ሰሜን ጦር ግንባር፣ ካለህበት፤

እንደምን አለህልኝ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናትህ ግን አጠገቤ ተቀምጣ «ደህና ነን አትበለው፣ ውሸት ነው» አለችኝ። እሺ፣ ጤናችን ደህና ነው። እሷን ወገቧን ያማታል፤ እኔን ደግሞ መቀመጥ አቅቶኛል። ሱሪ ልሰፋ የስፌት መኪናው ላይ እቀመጥና አንድ እግር ሳልጨርስ ተነስቼ በር ላይ እቆማለሁ። የሚያልፈውን ሰው አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። ደንበኞቼ «ጋሼ ወልደጻድቅ ምን ነካዎት?» ይሉኛል። በጥምቀት ሰሞን ከላክሃት ደብዳቤ ወዲህ ድምፅህ ጠፍቶብናል፣ ሌላ ምን ይነካኛል?

ወሬዬን ልንገርህ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዲሪባ የግቢያችንን በር አንኳኳ። አሁን አሁን የቀበሌ ሰው በር ሲያንኳኳ እናቶች ምን እንደሚሆኑ አንተ አታውቅም። ጎረቤታችን ተሻለችን በሚያዝያ ወር ቀበሌ ጠሯት። ልጇ እንዳንተ ሰሜን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ለብሳለች፣ ነፍሱን ይማር። እናትህ ዲሪባን ስታየው የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ፤ እሷም እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሰውየው ደነገጠ። «አዴ የሺሃረግ፣ ምን ሆኑ? እኔ የመጣሁት ለመኪናዋ ነው!» አላት።

«ለመኪናዋ?»

«አዎ፣ ለመኪናዋ።»

ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጉንጩን ሳመችው። ጓድ ሊቀመንበር እንደዚያ ተስሞ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ኮፍያውን አውልቆ የሚገባበት ጠፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅንጦት መኪና ያለው ሰው ይመዝገብ፣ መኪናው ስፖርት የሚሉት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለመንግሥት ገቢ ይደረግ የሚል መመሪያ ከላይ መጥቷል። እንግዲህ ያቺ ባለ ወፍጮው ጣሊያን አገር ጥሎ ሲሄድ የተዋት፣ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት የኖረች፣ አንተና የጎሚስታው ጅብሪል ከሥሯ ተኝታችሁ ነፍስ የዘራችሁባት ቀይ መኪናህ፣ ስፖርት ናት ወይስ አይደለችም? ኮሚቴው ሊወስን ተቀመጠ። እኔም ሐሙስ ቀርቤ እንዳስረዳ ተጠራሁ።

ስብሰባውን ብታይልኝ! አንዱ «ሁለት በር ያላት መኪና ሁሉ ስፖርት ናት» ይላል። ሌላው «የለም፣ ጣሪያዋ ሸራ ከሆነ ነው» ይላል። «የጋሪ ጣሪያስ ሸራ አይደል እንዴ? ጋሪም ስፖርት ሊባል ነው?» አልኩት። ሦስተኛው ብድግ አለና «ቀለሟን አላያችሁም? ቀይ ናት!» አለ። ዲሪባ ጉሮሮውን ጠራረገና «ጓዶች፣ ቀይን ብንተወው ይሻላል» አለ። ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ።

ጅብሪልን በባለሙያነት ጠርተውት ነበር። እንደ ወንድም እንደሚያይህ ታውቃለህ፤ ግን መዋሸት አይሆንለትም፣ አልተፈጠረበትም። «ወላሂ ስፖርት ማለት ፍጥነት አይደለም» ብሎ ጀመረ። «የዚች ሞተር ትንሽ ነው፣ ሜዳ ላይ ከሆነ ፒጆ ታክሲ ይቀድማታል። ቁም ነገሩ መታጠፊያ ላይ ነው። ቀላል መሆን አለባት፣ ዝቅ ብላ መሬት መያዝ አለባት፣ መሪውን ገና ስትነካው መስማት አለባት...» እያለ ዓይኑ እየበራ ሄደ። በክርኔ ጎሰምኩት። ያንተው ቃል ነው እኮ! እኔም ከአፍህ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ እንዲገባኝ ብለህ «አባባ፣ ሌላው መኪና ገበያ ላይ የተሰቀለ ኮት ነው። እውነተኛ ስፖርት መኪና ግን በነጂው ልክ የተሰፋ ነው» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ስብሰባው ላይ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ፤ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ክርክሩ አላልቅ ሲል ዲሪባ መመሪያውን አውጥቶ አነበበ። ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ከሆነች ስፖርት ናት ይላል። ይህን ጊዜ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ዓርብ የሰው ሥራ ሁሉ ትቼ ስሰፋ ዋልኩ። የድሮ ካፖርቴን ፈታሁና ጥጥ ሞልቼ፣ ከሁለቱ ወንበሮች ኋላ፣ ሸራው ታጥፎ የሚገባበት ቦታ ላይ የምትቀመጥ ፍራሽ ሠራሁ። ጅብሪል በብሎን አሰራት። ሦስተኛ ወንበር ይልሃል ይሄ ነው!

ቅዳሜ ዲሪባ መጣ። «ይኸው፣ የቤተሰብ መኪና» አልኩት። አጎንብሶ አየና «እዚህ ላይ ሰው ይቀመጣል?» አለ። እናትህ አንድ ቃል ሳትመልስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ገባች። እንዴት እንደገባች አትጠይቀኝ። ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሷል። «እንዴት ያለ ምቹ ነው» አለች።

«እንግዲያው ሳጉሬ ደርሰን እንመለሳ» አለ ዲሪባ። «የቤተሰብ መኪና ከሆነች ገበያ አድርሳ ትመልሰናለች።»

ለካ መንዳት መማሬን አልጻፍኩልህም! አንተ ከሄድክ በኋላ ሞተሯ ቆማ እንዳትቀር ብሎ ጅብሪል ነው ያስተማረኝ። በኩፖን የምትገኘውን ቤንዚን እያብቃቃን በየእሑዱ አንድ ዙር አዞራታለሁ። ቁመቴን ታውቀዋለህ፤ እግሬ ፔዳሉ ጋ ስለማይደርስ ወንበርህን ወደ ፊት ስቤ ነው።

ከአሰላ እስክንወጣ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ቀስ ብዬ ነዳሁ። በልቤ «ስፖርት አይደለሽም፣ እረፊ፣ ስፖርት አይደለሽም» እላታለሁ። ዲሪባ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አኑሮ «መልካም ነው፣ መልካም ነው» ይላል። ነገሩ ሊሳካልኝ ነበር እኮ! ከዚያ ያ መታጠፊያ መጣ፣ ከድልድዩ ወዲያ ያለው፣ አንተ ሁልጊዜ የምታወራልኝ። «ከመግባትህ በፊት ቀንስ፣ ከገባህ በኋላ ፍሬን አትንካ፣ ስትወጣ ነዳጅ ስጣት» ትል ነበር። አስቤው አይደለም፣ እጅና እግሬ ናቸው ያደረጉት። ቀነስኩ፣ ገባሁ፣ ሰጠኋት። ግዛቸው፣ ልጄ! መኪናዋ መሬቱን ጨብጣ ዞረች። ከኋላዬ እናትህ ሳቀች።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ለሰው ፈገግ ትላለች፣ ለይሉኝታ። ይህ ግን ያ የጥንቱ ሳቋ ነው፣ ሆዷን ይዛ የምትስቀው። «ድገማት!» አለችኝ። ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ደገምኳት። ሻሿ ከራሷ ላይ ወልቆ በእጇ ይዛዋለች። ዲሪባ በሩን በሁለት እጁ ጨብጦ «ኦቦ ወልደጻድቅ! ኧረ ኦቦ ወልደጻድቅ!» ይላል። ትንሽ ቆይቶ እሱም መሳቅ ጀመረ። የገብሱ ማሳ፣ ባሕር ዛፉ፣ ገበያተኛው ከነአህያው በጎን በጎናችን አለፈ። ስንት መታጠፊያ እንደሄድን እንጃ፣ ዲሪባ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ሳጉሬ የታለ?» አለኝ።

«ገና አልደረስንም» አልኩት።

«ኧረ አልፈነዋል» አለ። ዞር ብዬ ባይ እውነቱን ነው፤ ከተማውም ገበያውም ከኋላችን ቀርቷል።

አቁሜ ወረድን። ዲሪባ የኮፍያውን አቧራ አራገፈ። ከዚያ «ኦቦ፣ እኔ ስለ መኪና ብዙም አላውቅ» አለ። «ሰው መኪና የሚሳፈረው አንድ ቦታ ለመድረስ ነው። እርስዎ ግን የምንሄድበትን ረሱት። እኔም ረሳሁት። ይቺ ስፖርት ናት። ሌላ ነገር ብጽፍ ዋሸሁ።» እናትህ ቀደመችኝና «ልክ ብለሃል፣ ስፖርት ናት» አለችው። አፏን በነጠላዋ ብይዘው ደስ ባለኝ።

ዲሪባ ክፉ ሰው አይደለም። ስንመለስ፣ ያን ጊዜ እንኳ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፣ «አንድ መንገድ አለ» አለኝ። የመኪናው ባለቤት ዘማች ከሆነ ንብረቱ አይነካም። ግን በሥራ ላይ መሆኑን የሚያስረዳ፣ በገዛ እጁ የጻፈው፣ የጦር ክፍሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሐምሌ ሳይገባ መቅረብ አለበት። «ጻፉለትና ይላክላችሁ» አለ። ይህን ሲል ዓይን ዓይኔን አላየኝም፣ መንገዱን ነው ያየው። ለምን አላየኝም? ከቅዳሜ ጀምሮ ይህን ሳወጣ ሳወርድ አለሁ። የሰማው ነገር ይኖር ይሆን? ወይስ አቧራ ገብቶበት ነው? ልጠይቀው ብዬ ትናንት ቀበሌው በር ድረስ ሄጄ፣ እጄን ላንኳኳ አንስቼ፣ ተመለስኩ። ይህን ለእናትህ አልነገርኳትም፤ አሁን ማድቤት ገብታልኝ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ ቶሎ ጻፍ። ለመኪናዋ ስል ነው። «ቀይዋ መኪና የእኔ የግዛቸው ወልደጻድቅ ናት» በልና አለቃህን ማኅተም አስመታበት። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ወረቀት ከጠፋ የሲጋራ ካርቶን ላይ ይሁን። እጅህን አሞህ ከሆነ ጓደኛህ ይጻፍልህና አንተ ፈርም።

አሁን ተነስቼ በር ላይ ቆሜ መጣሁ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ማንም አልመጣም።

ስማኝ ልጄ፣ ለመኪናዋ ስል ነው ያልኩህን ተወው። ከፈለጉ ይውሰዷት። ወስደው ማንም ይንዳት፣ ጉዳዬ አይደለም። ማኅተም የሚፈልገው ዲሪባ ነው፤ እኔ የምፈልገው የእጅህን ጽሑፍ ነው። አለቃህ እምቢ ቢል፣ ጊዜ ቢያጥርህ፣ ስምህን ብቻ ጻፍና ላከው። እናትህ ፊደል ባትቆጥርም የስምህን መልክ ታውቀዋለች። ከሩቅ ታውቀዋለች።

አምላክ በሄድክበት ይቅደምህ፤ ያዋለህ በሰላም ያሳድርህ፤ ሌሊቱን በደህና ያንጋልህ። የእናትህ ጸሎት ከጥይት ይከልክልህ። ጅብሪል «ዱዓ እያደረግኩ ነው በሉት» ብሏል።

ናፋቂ አባትህ
ወልደጻድቅ

ይህን ረስቼ ነበር። ነድቻት ስመለስ፣ ሞተሯን አጥፍቼ ከመውረዴ በፊት ወንበሩን ሁልጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ እግርህ ልክ እመልሰዋለሁ። ጅብሪል «ለሚቀጥለው እሑድ መልሰው ሊስቡት፣ ምን ያለፋዎታል?» ይለኛል። ያልፋኝ። ቅዳሜ ዕለትም መልሼዋለሁ።