ስለተጣለችው ስስ ንጣፍና ስለ ባልደረባዬ ቶማ

ለተከበሩ የኮሌጃችን የአስተዳደር ኃላፊ፣
ወላይታ ሶዶ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የዳሞታ ተራራ ብርድ ቢሮዎ ድረስ እንዳይዘልቅ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የፊዚክስ መምህርቷ ሰርካለም ወልደመስቀል፣ ዘንድሮ ስለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

፩ኛ፦ ቤተ ሙከራችንን በእንግዳ መቀበያ ወንበሮች ስለሞሉልን አመሰግናለሁ። እኔና ባልደረባዬ ቶማ በዚያ ክፍል በትንንሽ መስታወት ላይ ከዚንክ ኦክሳይድ ስስ ንጣፍ እየሠራን፣ በውስጡ ደቃቅ የብር ቅንጣቶችን እንበትን ነበር (ማዕድኑን ማለቴ ነው፤ ሌላውን ብር እዚያ ክፍል አይተነው አናውቅም)። እንዲህ ያለው ንጣፍ ቮልቴጅ በአንድ አቅጣጫ ሲሰጡት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ በተቃራኒው ሲሰጡት ይከለክላል፤ ኃይል ቢቋረጥበትም የመጨረሻውን ሁኔታ ይዞ ይቆያል። መብራት ለሚጠፋበት አገር ይህ ዓይነቱ የኮምፒውተር ማስታወሻ (ሜሞሪ) ይበጃል ብለን በየዋህነት አስበን ነበር።

፪ኛ፦ ስንት ንጣፍ ከከሸፈብን በኋላ አንዷ የተሳካችው ቶማ ታሞ ዱቦ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ነው። ኃይሉን አቋርጬ፣ ምሳ በልቼ ተመልሼ ብለካት እንደተውኳት አገኘኋት። በግቢው የምነግረው ሰው ስላጣሁ ሚኒባስ ይዤ ዱቦ ሄድኩ። ቶማ ትራሱን ተደግፎ ሰማኝና፣ «ሰርኬ፣ እሷን አደራሽን፤ ስመጣ አብረን እንለካታለን» አለኝ። አልመጣም።

ከለቅሶው ስመለስ ንጣፏም አልነበረችም። ባኖርኳት ሣጥን ላይ፣ ገና ሳይታመም፣ «አይነካ» ብሎ በአማርኛም በወላይትኛም የጻፈው ቶማ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ አስካለች ጽሑፉን አሳይታ ብትጠይቅዎ፣ «የቆሸሸ መስታወት ነው፣ ጣዪው» ማለትዎን እያለቀሰች ነግራኛለች። ስለ ፈጣን ውሳኔዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ፦ ሌላ ክፍል እንዲሰጠኝ ብለምንዎ፣ «ሥራው የሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ስለሌለ ተዘግቷል» ብለው ስለመለሱልኝም አመሰግናለሁ። መቀነስ እንደሚያውቁ ተረድቻለሁ። እኔም በወንበሮቹ መካከል መተላለፊያ ከፍቼ እንደገና ጀምሬያለሁ። ልኬቱ ሲያምርልኝ ዞር ብዬ «አየህ?» የምለው ሰው ስለሌለ፣ ሥራው በፍጹም ጸጥታ ይካሄዳል። አንዳንዴ ግን እረሳውና ዞር እላለሁ።

ዘመንዎ እንደ ወንበሮቹ ረድፍ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሰርካለም ወልደመስቀል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቶማ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ስለቀረ» ከጽሕፈት ቤትዎ የተጻፈለት ማስጠንቀቂያ ትናንት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በቀብሩ ዕለት የሐዘን መግለጫውን ያነበቡት እርስዎ ነበሩና አድራሻውን ያውቁታል ብዬ ነበር። መልስ ከሰጠዎ ግን እባክዎ ለእኔም ይንገሩኝ፤ ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ።